መውጫው በየት በኩል ነው?

የሙዚቃ ሐያሲ አይደለሁም። በማሲንቆና በክራር መካከል ያለውን ልዩነት ብትጠይቁኝ አንዱ በአንድ ጭራ፣ ሌላው በአምስት ወይም በስድስት ክር እንደሚጫወት ነግሬያችሁ ወደ ቡናዬ እመለሳለሁ። ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህር ደግሞ ክፉ አመል አለው፤ ያየውን ነገር ሁሉ ካላነበበ አይሆንለትም። የእድር ማስታወቂያ ያነባል፣ የሚኒባስ የኋላ መስታወት ያነባል፣ የጎረቤቱን አጥር ያነባል። እኔም ኮንሰርት ስሄድ የማነበው መድረኩን አይደለም፤ ሜዳውን ነው።

ኮንሰርት ባለፈ ማግስት የሚጻፉትን አስተያየቶች ታውቋቸዋላችሁ። ድምፃዊው መድረኩን ተቆጣጥሮት አመሸ፣ ባንዱ አልተዋሃደም፣ ሳውንዱ ጮኸ፣ አዘጋጁ ሁለት ሰዓት አረፈደ። በቃ፣ ይኸው ነው። በሩ ስንት ነበር? ሜዳው ስንት ሰው ይችላል፣ ስንት ሰውስ ገባበት? ሴቶቹ የት ቆሙ፣ በስንት ሰዓትስ ቤታቸው ደረሱ? በክራንች የሚሄደው ሰው የት ነበር? ይህን የሚጠይቅ ሐያሲ አላጋጠመኝም። ለእኔ ግን ኮንሰርት ማለት ዘፈኑ ብቻ አይደለም። ዘፈኑን ካሴቱም፣ ስልኩም ያሰማናል። ከቤት ያወጣን ሌላው ሰው ነው።

በወለጋ ከተሞች፣ በነቀምትም በጊምቢም በሻምቡም፣ ደህና ቀን በነበረ ጊዜ ያየኋቸው የኮንሰርት ሜዳዎች ሁሉ የአንድ ደራሲ ሥራ ይመስሉ ነበር። ጭነት መኪናው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ነቀምት ላይ መድረኩን፣ ስፒከሩንና ጀነሬተሩን ያራግፋል። ሜዳው በቆርቆሮ ይታጠራል። አንድ በር ይተውለታል፤ እሱም ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ከገባ ትኬት ቆራጩ ይምታታበታላ! ከመድረኩ ፊት ለፊት ቪአይፒ የሚባል ክልል በገመድ ተከልሎ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደርበታል። ጠመንጃ የያዙ ፖሊሶች ጀርባቸውን ለዘፋኙ፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ይቆማሉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይጀመራል የተባለው ምሽት ሁለት ሰዓት ይጀመርና እኩለ ሌሊት አልፎ ያልቃል። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ በዚያች በር።

ይህን አጥር አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ አንብቡት። የተሠራው ያልከፈለ እንዳይገባ ነው። የከፈለው እንዴት እንደሚወጣ አንድ ዐረፍተ ነገር አልተጻፈበትም። ብዙዎቹ ምሽቶች በሰላም አለፉ፤ እውነት ነው። ምስጋናው ግን የአዘጋጁ አይደለም፤ የሕዝቡ ትዕግሥት ነው። (በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ በር ተዘግቶበት ይጨፍር ነበር። መውጫ የሌለው ጭፈራ ያኔ የለመደብን ይሆን እያልኩ አንዳንዴ እጠራጠራለሁ።)

ፈረንጆቹ የበርን ነገር በደም ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ2000 ዴንማርክ ውስጥ፣ ሮስኪልደ በተባለው ፌስቲቫል 9 ወጣቶች ከመድረኩ ፊት ተጨፍልቀው ሞቱ። በ2010 ዱይስቡርግ በተባለችው የጀርመን ከተማ፣ ላቭ ፓሬድ በሚሉት የሙዚቃ በዓል ላይ 21 ሰዎች አለቁ። እዚያ የሚገባውም የሚወጣውም ሕዝብ በአንድ ዋሻና በአንድ አቀበት ነበር የሚተላለፈው። ክሱ ዓመታት ፈጅቶ በ2020 ያለ ፍርድ ተዘጋ። በ2021 ደግሞ አሜሪካ፣ ሂውስተን ላይ 10 ሰዎች ሞቱ። እንግዲህ ገንዘቡም፣ ዕውቀቱም፣ አምቡላንሱም ባለበት አገር ነው ይህ የሆነው።

እኛ «ሕዝብ ተረጋግጦ ሞተ» እንላለን። አብዛኛው ግን ተረግጦ አይደለም የሚሞተው፤ ቆሞ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስድስትና ሰባት ሰው ሲታጨቅ እግር የራስ መሆኑ ይቀራል። ሕዝቡ እንደ ውኃ ይወዛወዛል፤ ደረት መንፋት ያቅታል፤ ሰው በቁሙ ትንፋሽ አጥቶ ይሄዳል። ከኋላ የሚገፋው ከፊት የሚሆነውን አያይም። እና «ሕዝቡ ሥርዓት የለውም» የሚለው የተለመደ ፍርድ ከንቱ ነው። ጥፋቱ የቦታና የበር ነው። ሮስኪልደዎች ከዚያ ሐዘን በኋላ ለሕዝቡ የሥነ ምግባር ትምህርት አልሰጡም። ከመድረኩ ፊት ያለውን ቦታ በብረት ከፋፍለው በየክፍሉ የሚገባውን ሰው መቁጠር ጀመሩ እንጂ።

ለነገሩ የራሳችን ሐዘን እያለ ዴንማርክ ድረስ መሄድ ባላስፈለገኝ ነበር። ኢሬቻ ኮንሰርት አይደለም፤ ምስጋና ነው። ዘፈን ግን አለው፣ መድረክ አለው፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሕዝብ አለው። ከወለጋም በየዓመቱ ብዙ ሰው ይሄድበታል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ተቃውሞ ተሰማ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ የጥይት ድምፅ ተሰማ፣ ሕዝቡ ሸሸ። የሸሸበት በኩል ጉድጓድ ነበር። መንግሥት 55 ሰዎች ሞቱ አለ፤ ሌሎች ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ አደረጉት። በዚህ ጉዳይ ላይ ስለ ፖለቲካው ብዙ ተጽፏል፤ መጻፍም ነበረበት። ስለ ጉድጓዱ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ያን ያህል ሕዝብ በሚጠበቅበት ሜዳ ጠርዝ ላይ ያን ጉድጓድ ሳይደፍኑ ማደር ራሱን የቻለ ፍርድ ያስፈልገው ነበር።

በዓመቱ የሆነውን ደግሞ እዩ። መስከረም 21 ቀን 2010 ዓ.ም. የታጠቀው ኃይል ከበዓሉ ሜዳ ራቀ። አባ ገዳዎች የመረጧቸው 300 ያህል ትጥቅ የሌላቸው ወጣቶች ሥርዓት አስከባሪ ሆኑ። ተቃውሞው ያው ተቃውሞ ነበር፤ መፈክሩም፣ የተጣመረው ክንድም ነበር። በዓሉ ግን በሰላም ተፈጸመ፤ ሰው ወደ ቤቱ ገባ። እኔ ከዚህ የማነበው ወታደር ክፉ፣ ወጣት ደግ ነው የሚል ተረት አይደለም። ሕዝቡ ሥርዓት አስከባሪዎቹን ያውቃቸዋል። ወደ ውስጥ የዞረ አፈሙዝ የለም። የሚደነግጥበት ነገር ሲቀንስ የሚሮጥበት ምክንያትም ይቀንሳል።

ፍተሻ ይቅር እያልኩ አይደለም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ ቦንብ ፈንድቷል፤ ሰው ሞቷል። በ2012 ዓ.ም. የካቲት ደግሞ አምቦ ላይ በተደረገ ሰልፍ ፈንድቶ ብዙ ሰው ቆስሏል። ወለጋ ላይ የሚኖር ሰው ይህ እንዲነገረው አያስፈልገውም። የምለው ፍተሻው የበሩ ሥራ ነው፤ ከበሩ በኋላ ያለው ሥራ ግን የለም ነው።

ቋንቋችን ራሱ ያጋልጠናል። «ፀጥታ» የምንለው ቃል ዝምታም ነው፣ ሰላምም ነው። መምህሩ ወደ ክፍል ሲገባ «ፀጥታ!» ይላል፤ ፖሊሱም የፀጥታ ኃይል ይባላል። በሁለቱ ትርጉሞች መካከል አጥር ስለሌለ ሕዝብ ሲጮህ ፀጥታ ደፈረሰ ብለን እንደነግጣለን። እስቲ አስቡት፣ ሰው ሊጮህ ከፍሎ በገባበት ሜዳ ላይ የተመደበው ሰው ሥራው ፀጥታ ማስከበር ነው! «ደኅንነት»ን እንዳንጠቀም ደግሞ እሱም ካፖርት የለበሰ ሰው ያስታውሰናል። ልጅህ በደህና ገባ ወይ፣ በደህና ወጣ ወይ የሚለውን የእናት ጥያቄ የሚሸከም የቢሮ ቃል እስካሁን አላገኘንም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ነቀምት ላይ፣ የቢራ ማስታወቂያ ከዳር እስከ ዳር የተሰቀለበት ኮንሰርት ነበር። የቀድሞ ተማሪዬ አብሮኝ ነበር፤ ፖሊዮ በልጅነቱ አንድ እግሩን ስላሰነፈበት በክራንች ነው የሚሄደው። በሩ ላይ ያስቆሙን ፈታሽ ክራንቹን ያዙት።

«ጋሼ፣ ዱላ አይገባም ተብለናል።»

«ይኼ እኮ ዱላ አይደለም፣ እግሩ ነው።»

«እሱስ ገብቶኛል ጋሼ። ግን የተሰጠን ትእዛዝ ዱላ ነው የሚለው።»

ተማሪዬ ሳቀ። «ይተዉት መምህር፣ ድምፁ እንደሆነ እዚህም ይሰማል፤ እርስዎ ይግቡ» አለኝ። አልገባሁም። አጥሩን ይዘን ዞርንና ከጀርባ በኩል ሣር ላይ ተቀመጥን። እዚያ ያየሁትን ኮንሰርት እስካሁን አልረሳሁትም። ሻይና የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ቆሎ የያዙ ልጆች አሉ። ልጃቸው ውስጥ የገባች፣ እስክትወጣ ነጠላቸውን ተከናንበው የሚጠብቁ እናት አሉ። ትኬት መግዛት ያልቻሉ ወጣቶች ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ፤ ዘፈኑ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሲዞር ክቡ አይፈርስም። ከጋሪው ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በአለንጋቸው ጫፍ ምቱን ይመታሉ። ሴቶቹ ልባቸው የፈለገው ቦታ ይቆማሉ፤ የሰለቸው ተነሥቶ ይሄዳል፤ መውጫው በሁሉም በኩል ነው። ባኽቲን የተባለው የሩሲያ ሐያሲ ካርኒቫል ተመልካችና ተዋናይ የማይለይበት በዓል ነው ሲል ተማሪዎቼን ለማስረዳት ዓመታት ደክሜያለሁ። ምሳሌው ከቆርቆሮው ጀርባ ነበረ።

ከፍሎ የገባው ተከልሎ፣ ያልከፈለው ደልቶት! አጥሩ የከለለው ክፉውን ሰው አይደለም። ክራንች ያለውን፣ ልጅ ያዘለችውን፣ ሽማግሌውን ነው። ክፉ ነገር ያሰበ ጎረምሳማ ትኬቱን ቆርጦ፣ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ተፈትሾ ገብቷል።

ሕጉ ቢሆን ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ ሆነው እንዲሠሩ ደንግጎ ነበር። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ከተቀበለችም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ሜዳ ግን ሕንጻ አይደለምና በቆርቆሮ ያጠረው ሰው ራሱን ከሕግ በላይ ባይሆን ከሕግ ጎን ያየዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከስድስት ሰው አንዱ የሆነ ዓይነት የአካል ጉዳት አለበት። ወለጋ ላይ ደግሞ ያለፉት ዓመታት ምን እንዳደረጉ ለማወቅ ቁጥር አያስፈልግም፤ የተኩስ አገር የክራንች አገር ነው። መፍትሔው ውድ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። በመድረኩ ጎን ከፍ ብሎ የተሠራ የሳንቃ ወለል፣ ወደሱ የሚያወጣ ዘቅዘቅ ያለ መወጣጫ፣ አንድ ሰፊ በር፣ ለሚደግፈው ሰው የማይከፈልበት አንድ ትኬት። ቪአይፒ ለሚባለው የሚገዛው ምንጣፍ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። ጥላሁን ገሠሠ በመጨረሻ ዘመኑ በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩን አጥቶ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሕዝቡ ንጉሤ ማለቱን አልተወም። የሙዚቃችን ንጉሥ ተራ ሰው ሆኖ ትኬት ገዝቶ ቢመጣ ኖሮ በስንቱ በር ይገባ ነበር?

የሴቶቹን ነገር ደግሞ ፎቶግራፉ ይናገራል። የኮንሰርት ፎቶ ስታዩ ከመድረኩ ፊት ያለውን ሕዝብ ቁጠሩ፤ ጎረምሳ፣ ጎረምሳ፣ ጎረምሳ። ሴቶቹ ሙዚቃ ጠልተው ነው እንዴ? በወለጋ ሠርግ ላይ እስኪነጋ የሚዘፍኑት እነሱ አይደሉም? አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ ወቅት ያለችኝን ልንገራችሁ፦ «መምህር፣ ትኬቱ ሃምሳ ብር ነው፤ እኔን ግን የሚያስከፍለኝ የመመለሻው መንገድ ነው።» ሜዳ ውስጥ በግፊያ አሳብቦ እጁን የሚሰድ አለ። ስትጮህ «ኮንሰርት ምን ልታደርጊ መጣሽ?» የሚላት አለ፤ አንዳንዴም እሱ ዩኒፎርም የለበሰው ነው። ሽንት ቤት የለም፤ ካለም መብራት የለውም። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ባጃጅ የለም፤ ካለም ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። መድረክ ላይ ያለችው ዘፋኝም ከዚህ አላመለጠችም። ግንባሯ ላይ ብር ሊለጥፍ የሚወጣ ሰው ሁሉ ብር ለጥፎ ብቻ አይወርድም፤ እኛም ከታች እናጨበጭባለን። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ሴት ፈታሽ ለበሩ ብቻ መቅጠር አይደለም። ሜዳው ውስጥ የሚዘዋወሩ፣ ልጅቷ ሮጣ የምትጠጋቸው ሴቶች ናቸው፣ መብራት ነው፣ ደግሞም ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያልቅ ኮንሰርት ግማሹን ጣጣ ያስቀራል። «በቀን አይደምቅም» ይላሉ አዘጋጆች። በቀን የማይደምቀው ቢራው ነው።

ቢራው ካልኩ አይቀር፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮልን በራዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ከልክሎ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሸጥ አግዷል። ከዚያ በፊት የአገራችን ኮንሰርት የቢራ ፋብሪካዎች ልጅ ነበር ማለት ይቻላል። አባት ሲቆጣ ልጁ እንደሚሆነው ሁሉ፣ በ2006 ዓ.ም. በበደሌ ቢራ ስም ሊካሄድ የነበረው የቴዲ አፍሮ ጉዞ በማኅበራዊ መገናኛ በተነሣ ዘመቻ ምክንያት ተሰረዘ፤ የቢራው ባለቤት ሄኒከን ውሉን አፈረሰ። የትኛው ወገን ትክክል ነበር የሚለውን ዛሬ አልፈርድም። የሚገርመኝ ግን በዘፋኙና በተቀየመው ሕዝብ መካከል የቆመው ብቸኛ ሸንጎ የአንድ ቢራ ነጋዴ የገበያ ክፍል መሆኑ ነው። ገበያ ደግሞ አያስታርቅም፤ ይሰርዛል።

እዚህ ላይ ነው አንገር ጉቲን የሚመጣብኝ። ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንገር ሸለቆ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ደርግ ከሰሜን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ 600 ሺህ ያህል ሰው ሲያሰፍር የወሎ ሰው ወደ ወለጋ መጣ። ከአባይ ማዶ በገዛ እግሩ የተሻገረም አለ። የአገሩ ኦሮሞ፣ ሰፋሪው አማራ፣ ነጋዴው፣ መንገደኛው፣ ሁሉም በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር። በከተማዋ ያለፍኩበት ቀን ሁለት ካሴት ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጥጠው፣ አንዱ አሊ ቢራን፣ ሌላው የወሎ ባቲን ለቀው፣ መሐል ላይ ያለችው ጀበና አቅራቢ ሁለቱንም እየሰማች ቡና ትቀዳ ነበር። ስለ አብሮነት ማንም አላስተማራትም። ሁለቱም ጫጫታ ነበር ለእሷ፤ ሁለቱም ደንበኛ።

ከዚያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በአንድ ዘፋኝ ሞት አገር ነደደ። በዚያው ዓመት፣ ለወራት ወለጋ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ፣ በኪረሙና በጊዳ አያና ወረዳዎች የደረሰውን ግድያና መፈናቀል የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በተደጋጋሚ አሳውቋል። ኦሮሞም ሞተ፣ አማራም ሞተ፤ ሁለቱም ተፈናቀሉ። የዘፈን ቋንቋ የሰፈር ምልክት ሆነ።

እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ሙዚቃ ፌስቲቫል ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን ቅንጦት አልለውም። ሰው ታጥቆ ሳይሆን ለብሶ አንድ ሜዳ ላይ መቆም ሲችል ነው ሰላም መጣ የሚባለው። ስምምነቱማ ወረቀት ላይ ይፈረማል። ችግሩ የሚመጣው ሰላም ሰፈነ ተብሎ የታወጀ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ ጭነት መኪናው ያንኑ ቆርቆሮ ጭኖ ከአዲስ አበባ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ያንኑ አንድ በር፣ ያንኑ ወደ ውስጥ የዞረ ጠመንጃ። «የአንድነት ኮንሰርት» ይሉታል። ከሁለት ወገን አንድ አንድ ዘፋኝ ያመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ይተቃቀፋሉ፤ ፎቶ።

የእኛ የሠርግ ዳስ ከዚህ ይሻላል። ዳስ ሲጣል ሽማግሌ የት ይቀመጣል፣ ነፍሰ ጡር የት ታርፋለች፣ ነዳያን በየት በኩል ይበላሉ የሚለው አስቀድሞ ይታሰባል። አሳላፊ አለ፤ ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወገን ነው፤ ሰካራሙን በስሙ ጠርቶ፣ ክንዱን ይዞ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ና እስቲ ንፋስ እንቀበል» ብሎ ያወጣዋል። ዱላ አልያዘም። ማንም የፀጥታ ኃይል አይለውም። ኢሬቻ በ2010 ያደረገውን የሠርግ አሳላፊ ሁልጊዜም ሲያደርገው ኖሯል።

ጉቲን ላይ ኮንሰርት አዘጋጃለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥመኝ ማን ይዘፍናል ብዬ አልጠይቀውም። እሱን ማስታወቂያው ይነግረኛል። አሳላፊዎቹ ከየትኛው ሰፈር ናቸው፣ የሚያውቋቸውስ እነማን ናቸው ብዬ እጠይቀዋለሁ። ስንት ሰዓት ያልቃል? የሸለቆው ሰው እግረኛ ነውና ከመጨለሙ በፊት የት ይደርሳል? ስንት በር አለው፣ በሮቹስ ወደየትኛው ሰፈር፣ ወደየትኛው መንገድ ነው የሚከፈቱት? ሁሉም በር ወደ አንድ ወገን ከሆነ፣ ጀነሬተሩን ከመኪናው ባያወርደው ይሻለዋል።